ያገለገለ መኪና፤ ዕድሜው ወይስ የሄደው ኪሎ ሜትር?

የወሎ ገበሬ የሚያርስበትን በሬ ሊገዛ ወደ ገበያ ሲወርድ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠይቆ ገንዘቡን አይቈጥርም። አስቀድሞ የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ከጥርሱም ዕድሜውን ያነባል። ቀጥሎ እጁን ወደ ጫንቃው ሰዶ ቀንበር ያረፈበትን ስፍራ ይዳስሳል፤ ሰኰናውን ይመለከታል፤ በመጨረሻም ጥቂት እርምጃ አስነድቶ አካሄዱን ያስተውላል። ጥርሱ ስንት ዘመን እንደ ኖረ ይነግረዋል፤ ጫንቃው ደግሞ ምን ያህል እንዳረሰ ይመሰክርለታል። በጥርሱ ወጣት፣ በጫንቃው ሽማግሌ የሆነ በሬ የቀረበለት እንደ ሆነ ገመዱን ለባለቤቱ መልሶ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ዛሬ በዚህ ገጽ ልናነሣው ያሰብነው ጉዳይ ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም። ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው ሁለት ቍጥሮች ይቀርቡለታል። አንደኛው መኪናው የተሠራበት ዓመት ነው፤ ሁለተኛው ከመሪው ፊት ለፊት ባለው መቍጠሪያ ላይ የሚነበበው የሄደው ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱ ሲስማሙ ነገሩ ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው አንዱ መኪና አሮጌ ሆኖ ጥቂት የሄደ፣ ሌላው በዕድሜው ልጅ ሆኖ ብዙ የተጓዘ ሲሆን፣ ዋጋቸውም ተቀራርቦ ገዥው በሁለቱ መካከል ሲዋልል ነው። የትኛውን ይውሰድ? ጥያቄው የዋዛ ይመስላል። ነገር ግን ለብዙ ቤተ ሰብ ከመኖሪያ ቤት ቀጥሎ ትልቁ ግዢ መኪና መሆኑን ያሰበ ሰው የዋዛ አይለውም።

ለነገራችን ምሳሌ እንዲሆነን ወደ ሲሪንቃ እንሂድ። ሲሪንቃ በሰሜን ወሎ፣ በሐብሩ ወረዳ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ መርሳን አልፈው ወልድያ ሳይደርሱ የምትገኝ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስሟን በአገሪቱ ያስጠራው የግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። በዚያ የሚሠራ ወጣት ተመራማሪ፣ በመርሳ የግብርና ኮሌጅ የሚያስተምር መምህር፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት የተመደበ ባለሙያ፣ ወይም በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ሥራ የያዘ ጎልማሳ ከዓመታት ቍጠባ በኋላ፣ ዕቁብም ሲደርሰው፣ ስለ መኪና ማሰብ ይጀምራል። ሌላም ገዥ አለ። ከሐብሩና ከአካባቢው ብዙ ወጣቶች ወደ ሳውዲ ዐረቢያ ወጥተው እንደሚሠሩ የታወቀ ነው። እኅት በሰው ቤት ደክማ የላከችው ገንዘብ ተጠራቅሞ ወንድም በመስመር ላይ የሚያሠራው ሚኒባስ ይገዛበታል። እንግዲህ ያ ሚኒባስ በተገዛ በሦስተኛው ወር ሞተሩ ቢወርድ፣ ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚወርደው የአንዲት ልጅ የአምስትና የስድስት ዓመት ድካም ነው።

ሁለቱ ቍጥሮች እያንዳንዳቸው የሚናገሩትን መለየት ይገባል። መቍጠሪያው የሚቈጥረው መፋተግን ነው። ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ይመላለሳል፤ የካምቢዮው ጥርሶች እርስ በርሳቸው ይበላላሉ፤ ፍሪሲዮኑ ማርሽ በተለወጠ ቍጥር ይሳሳል፤ ኩሽኔታዎቹና ባሌስትራው በየጕድጓዱ ይደበደባሉ። ይህ ሁሉ መኪናው በሄደ መጠን የሚያልቅ ነው።

ዕድሜ ግን ሌላ ነገር ይቈጥራል። የውሃውና የነዳጁ ቱቦ፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዙት ጎሚኒዎች፣ ቺንጋው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ልባስ፣ እነዚህ ሁሉ መኪናው ተነዳም አልተነዳም በሙቀትና በአየር ብዛት ይደርቃሉ፤ ኋላም ይሰነጠቃሉ። የፍሬን ዘይት ከአየሩ ርጥበት እየሳበ ስለሚበላሽ በየሁለት ዓመቱ ግድም እንዲለወጥ ብዙ ፋብሪካዎች ይመክራሉ። ርጥበት የጠጣ የፍሬን ዘይት በረጅም ቍልቍለት ላይ ሲግል ይፈላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ እግርን ተከትሎ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ የወረደ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ እንዲብራራለት አይፈልግም። ጎማም እንዲሁ ነው። ከመኪና አካል ሁሉ በውጭ የሚታይ ጥርስ ያለው ጎማ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ጥርሱ ዕድሜውን አይነግርም። ዕድሜውን የሚነግረው በጎኑ ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ባለ አራት አሃዝ ቍጥር ነው። ለምሳሌ ያህል 2319 የሚል የተገኘ እንደ ሆነ ጎማው በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ዐሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ቢያምርም ከመኪናው መውረድ አለበት።

ከዚህ የተነሣ መኪና ሠሪዎቹ ራሳቸው ከሁለቱ ቍጥሮች አንዱን አልመረጡም። ዘይት በዚህን ያህል ኪሎ ሜትር ወይም በዚህን ያህል ወር፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው ይለወጥ ብለው በመመሪያቸው ይጽፋሉ። ስለ ቺንጋውም የሚሉት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ገዥው ሁለቱን ቍጥሮች ለየብቻ ከማንበብ ይልቅ አንዱን ለሌላው ቢያካፍል ይሻለዋል። ሲሪንቃ ተቀምጦ ወልድያ የሚሠራ ሠራተኛ በመሄጃና በመመለሻ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ግድም ይነዳል እንበል። የሥራው ቀን በዓመት 250 ቢሆን 7,500 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በየጊዜው ደሴ ቢመላለስ፣ አዲስ አበባም አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ደርሶ ቢመለስ ከ10,000 በላይ ይደርሳል። የቤት መኪና በዓመት ከ10,000 እስከ 20,000 ቢሄድ እንግዲህ የሚያስደንቅ አይደለም። አሁን 15 ዓመት የሆነው መኪና ቀርቦ መቍጠሪያው 60,000 አለ እንበል። ሲካፈል በዓመት 4,000 ነው፤ ይህም በቀን 11 ኪሎ ሜትር አይሞላም። እንዲህ ያለ መኪና የለም አንልም። ነገር ግን ሻጩ ምክንያቱን ሊያስረዳ ይገባል፤ ወይ መኪናው ቆሞ ኖሯል፤ ወይ ቍጥሩ ተነካክቷል።

የሚኒባሱ ሒሳብ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ግልጽ ነው። ከወልድያ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቀን አንድ ጊዜ ደርሶ የሚመለስ ሚኒባስ 240 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 72,000፣ በአምስት ዓመት 360,000 ይሆናል። አምስት ዓመት በመስመር ላይ ሠርቷል የተባለ ሚኒባስ መቍጠሪያው 120,000 ብቻ ካሳየ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን የሠራው 500 ቀን ብቻ ነው ማለት ነው። ታዲያ በቀረው ጊዜ ባለቤቱ ምን እየበላ ኖረ? ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ እርሳስና ቍራጭ ወረቀት ይበቃል።

እዚህ ላይ የሲሪንቃ የግብርና ሰዎች ከሌላው ይልቅ በቶሎ የሚረዱት ነገር አለ። የትራክተር ድካም የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን ሞተሩ በሠራበት ሰዓት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ውሎ ከአንድ ማሳ አልወጣምና። የቤት መኪናም እንዲህ ያለ የሰዓት መቍጠሪያ ቢኖረው ኖሮ ብዙ ክርክር ባለቀ ነበር። በአዲስ አበባ ውስጥ፣ በመብራትና በመኪና ሰልፍ ምክንያት፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚራመድ መኪና እናስብ። 80,000 ሲያስቈጥር ሞተሩ 4,000 ሰዓት ሠርቷል። በደሴ መንገድ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ 200,000 ያስቈጠረው መኪናም ሞተሩ የሠራው ያንኑ 4,000 ሰዓት ነው። በሞተራቸው እኩዮች ናቸው፤ በዋጋ ግን የፊተኛው «ትንሽ የሄደ» እየተባለ ብዙ ብር ይጨመርበታል። ፍሪሲዮኑንና ፍሬኑን ያየን እንደ ሆነ የከተማው መኪና በየመቶ እርምጃው ሲቆምና ሲነሣ የኖረ ስለሆነ ብሶ ይገኛል። ከዚህም በላይ በአጭር በአጭሩ የሚነዳ ሞተር በቅጡ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ፣ ያልተቃጠለ ነዳጅና የውሃ ጤዛ ከዘይቱ ጋር እየተቀላቀለ ዘይቱን ያቀጥነዋል። እርግጥ ነው፣ ከአስፋልት ወጥቶ በገጠር የጠጠር መንገድ የኖረ መኪና እንደ አውራ ጎዳናው መኪና አይቈጠርም። ለእሱ 50,000 ብዙ ነው፤ አቧራው በሞተሩ፣ ድንጋዩም በሥረኛው አካሉ ላይ ምልክት ትቶ ያልፋል።

ቆሞ ስለ ኖረ መኪና ጥቂት ልንጨምር እንወዳለን፤ በሰሜን ወሎ ነገሩ የሩቅ አይደለምና። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት ውስጥ በነበሩበት ጊዜ፣ ከዚያም ወዲህ መንገድ በተዘጋበት ወቅት ሁሉ፣ ከዘረፋና ከቃጠሎ የተረፈ መኪና በየግቢው ቆሞ የከረመበት ጊዜ አለ። ባለቤቱ ምርጫ አልነበረውም፤ ልንወቅሰውም አይገባም። ሆኖም ገዥው የዚያን መኪና ትንሽ ኪሎ ሜትር እንደ ጤንነት ቢቈጥረው ይሳሳታል። ለብዙ ወራት የቆመ መኪና ቤንዚኑ ሙጫ ሆኖ የነዳጁን መስመር ይደፍናል፤ ባትሪው ይሞታል፤ የፍሬኑ ብረት ይዝጋል፤ የሞተሩ ጎሚኒ ዘይት ሳይነካው ስለሚሰነብት ይደርቃል፤ አይጥም ሽቦውን ትቈርጣለች። ክረምት ሙሉ በረት ውስጥ ታስሮ የከረመ በሬ በመስከረም ቀንበር ሲጫንበት እንደሚሆነው ነው።

የመቍጠሪያውን ቍጥር ስለሚነካኩ ሰዎች ሁሉም ሰምቷል። በዱሮዎቹ መኪኖች ላይ የሚዞረው ቍጥር በእጅ ይመለስ ነበር፤ በአሁኖቹ ላይ በኮምፒዩተር ይሠራል፤ ሥራውም ረጅም ጊዜ አይፈጅም። ያለ ማንም ተንኰል የሚዋሽ መቍጠሪያም አለ። ብዙዎቹ የጥንት መኪኖች መቍጠሪያቸው ባለ አምስት አሃዝ ስለሆነ 99,999 ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ስለዚህ 43,000 የሚለው አሮጌ መኪና 143,000 ወይም 343,000 የሄደ ሊሆን ይችላል። ከአሜሪካና ከእንግሊዝ የመጣም ከሆነ ቍጥሩ የማይል እንጂ የኪሎ ሜትር አይደለም፤ 100,000 ማይል 160,000 ኪሎ ሜትር ነው።

ደላላው ግን ስለዚህ ሁሉ ምንም አይናገርም። እሱ የሚያውቀው አንድ መዝሙር ነው፤ «የዶክተር መኪና ናት፣ ከቤት ሥራ ቦታ ብቻ ነው የተነዳችው» ይላል። በአገራችን የሚሸጡት መኪኖች ሁሉ ዶክተር የነዳቸው ከሆኑ ሐኪሞቻችን በሽተኛ የሚያዩበት ጊዜ ከየት እንዳገኙ እንጃ። ከደላላው አፍ ይልቅ የፍሬኑ ፔዳል ይታመናል። ጎማው ተበልቶ ብረቱ የታየ ፔዳል፣ በእጅ ተሻሽቶ ያበራ መሪ፣ በነጂው በኩል የጎደጎደ ወንበር 50,000 ከሚል መቍጠሪያ ጋር አይስማሙም። ፔዳሉ አዲስ፣ ወንበሩ ያረጀ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነም ያ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። በኮፋኖው ሥር ወይም በበሩ ጠርዝ ላይ ጋራዡ የለጠፈው የዘይት ለውጥ ወረቀት ተረስቶ ከቀረም ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን አስተያይቶ ማንበብ ነው።

ዕድሜውስ እውነተኛ ነውን? እዚህ ላይ ከሌላው ዓለም ተለይቶ የኢትዮጵያን ገዥ ብቻ የሚያሰናክል ጕድጓድ አለ፤ ይኸውም የዘመን አቈጣጠራችን ነው። «የ2008 ሞዴል» የተባለ መኪና የተቈጠረው በፈረንጆች ነው፤ በእኛ 2000 ወይም 2001 ዓ.ም. ማለት ነው። ሊብሬ ውስጥ ግን የተሠራበት ዓመት በአንዱ አቈጣጠር፣ የተመዘገበበት ቀን በሌላው ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። 2001 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. አገር ውስጥ የተመዘገበ መኪና በደላላው አፍ «ሁለት ሺህ ስምንት» ሊባል ይችላል፤ ደላላውም ቃል በቃል ቢያዙት ውሸት አልተናገረም። በዚህ ምሳሌ ገዥው የ2008 ሞዴል መስሎት የሰባት ዓመት ዕዳ፣ የ2008 ዓ.ም. ሥሪት መስሎት ደግሞ የ14 ዓመት ዕዳ ይሸከማል። ስለዚህ ዓመቱን ከነአቈጣጠሩ መጠየቅ፣ ከዚያም በመኪናው ላይ መፈለግ ነው። በመቀመጫው ቀበቶ ሥር በተሰፋው ቍራጭ ጨርቅ ላይ ቀበቶው የተሠራበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ተጽፎ ይገኛል፤ እሱንም ማንም ሊመልሰው አያስብም።

ሕጉም ቢሆን የቈጠረው ዓመትን ነው። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186/2012 ወደ አገር በሚገባ ያገለገለ መኪና ላይ ግብር ሲጥል የመዘነው የሞተሩን መጠንና የመኪናውን ዕድሜ ነው፤ ዕድሜው በገፋ መጠን ግብሩ እንዲከብድ ተደረገ። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም። ዓመት በሰነድ ይረጋገጣል፤ ኪሎ ሜትርን ግን የጉምሩክ ሠራተኛ በምን ያረጋግጠዋል? ከዚያም በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ። የዚህ ውጤት ለነገራችን ታላቅ ነው። ቀድሞ የገባው የነዳጅ መኪና እርስ በርሱ እየተሸጠ አብሮ ያረጃል እንጂ ከሥሩ ወጣት አይተካለትም። ዛሬ ተማሪ የሆነው አንባቢያችን ሥራ ይዞ ገንዘብ ሲያጠራቅም የሚቀርብለት የነዳጅ መኪና ዛሬ ከምናየው ሁሉ ያረጀ ይሆናል።

አሁን በበኩላችን የምንፈርደውን እንናገር። ለራሱና ለቤተ ሰቡ የሚነዳ ሰው፣ ዋጋቸው ከተቀራረበ፣ በዕድሜ ወጣት ሆኖ ብዙ የሄደውን ቢወስድ እንመርጣለን፤ በተለይ ብዙው ጕዞ የአውራ ጎዳና ከሆነና የጥገናው ማስረጃ ካለ። ኪሎ ሜትር የጨረሰው ነገር ስሙና ስፍራው የታወቀ ነው። ፍሪሲዮን ነው፣ ኩሽኔታ ነው፣ የመሪ ጫፍ ነው፤ በየተራ ይለወጣል፤ ዋጋውም አስቀድሞ ይጠየቃል። ዕድሜ የጨረሰው ግን በመላው አካል የተበተነ ነው። ዛሬ የውሃው ቱቦ፣ ነገ ሽቦው፣ ከነገ ወዲያ የመስኮቱ ጎሚኒ እያለ በመንገድ ላይ አንድ በአንድ ይገለጣል። ስለ ደኅንነትም ቢሆን ወጣቱ መኪና ይበልጣል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከኅዳር 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ በመታጠፊያ ላይ እንዳይንሸራተት የሚያረጋጋው መሣሪያ እንዲኖረው ሕግ አስገድዷል። ከዚያ በፊት በተሠራው ላይ ይህ መሣሪያ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል፤ ኪሎ ሜትሩ ትንሽ መሆኑም አይጨምርለትም።

በመስመር ላይ ለሚያሠራው ሰው ግን ፍርዳችን ይገለበጣል። ሚኒባስ የሚያረጀው በመሄድ እንጂ በመክረም አይደለም። ጎሚኒው ሳይደርቅ ሞተሩ ይቀድማል። ለእሱ ዕድሜው ሦስት ዓመት ጨምሮ፣ ኪሎ ሜትሩ በእርግጥ 150,000 የቀነሰ ሚኒባስ ይሻለዋል። «በእርግጥ» የሚለውን ቃል አንባቢያችን አጥብቆ ይያዝልን፤ የሚኒባስ መቍጠሪያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠር ነው፤ ለዚህም ነው የመስመሩን ሒሳብ ከላይ ያመጣነው። እኅቱ በላከችው ገንዘብ የሚገዛ ወጣት ያን ሒሳብ ሳይሠራ ቀብድ ባይከፍል እንወዳለን።

ዕድሜን የሚያስረሳ አንድ ነገር አለ፤ እሱም የሚጠግን ሰውና መለዋወጫ በቅርብ መገኘት ነው። የቮልስዋገን ቮልስ የመጨረሻዋ በሜክሲኮ ከፋብሪካ የወጣችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሆኖም በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ዛሬም ትታያለች። የቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስም ልጆቹን ለአካለ መጠን አድርሶ ገና ይሠራል። እነዚህን የማያውቅ መካኒክ የለምና። በአንጻሩ ሲሪንቃ የሚኖር ሰው ዕድሜውም ኪሎ ሜትሩም መልካም የሆነ፣ ነገር ግን ለአንዲት ትንሽ ዕቃ አዲስ አበባ ድረስ 500 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ እንግዳ መኪና ቢገዛ፣ የመኪናው አካል ተሸፍኖ በግቢ መቆሙ አይቀርም። ከመግዛቱ በፊት ወልድያና ደሴ ያሉ መለዋወጫ ሻጮችን ስለዚያ መኪና ፍሪሲዮን ቢጠይቃቸው ግማሹን መልስ ያገኛል።

ወረቀቱና ሒሳቡ ካለቀ በኋላ እንደ ገበሬው በሬውን አስነድቶ ማየት ይቀራል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ነው መነሣት ያለበት፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ በሌላ ቀን በማለዳ መመለስ ነው። ሲነሣ ሰማያዊ ጢስ ቢያወጣ ዘይት እየበላ ነው። ቀጥሎ ዳገት ያስፈልጋል፤ ለዚህም የወሎ ምድር አልነፈገችንም። መንገዱ ሰላም ሲሆን ከወልድያ ወደ ድልብ የሚወጣው ዳገት ለሞተር ከማናቸውም ጋራዥ የበለጠ ፈተና ነው። ከፍታ በጨመረ ቍጥር አየሩ እየሳሳ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ሞተሩም ይጨነቃል፤ የተደበቀ የራዲያተርና የቴስታታ ሕመም ያን ጊዜ በሙቀት መለኪያው ላይ ይወጣል። አብሮ የሚሄደው መካኒክ ገዥው ራሱ ያመጣውና የከፈለው እንጂ ሻጩ «ወንድሜ ነው» ብሎ ያቀረበው መሆን የለበትም።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩትም መኪኖች ወደ ሁለተኛ እጅ ገበያ መግባታቸው አልቀረም። በነዚህ ዘንድ ዘይትም ቺንጋም የለም፤ ዋናው ዋጋ ባትሪው ነው፤ ባትሪም በዕድሜም በመሞላት ብዛትም ይደክማል፤ ሙቀትም ያስቸኵለዋል። ብዙ ፋብሪካዎች ለባትሪው የሚሰጡት ዋስትና 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር፣ ቀድሞ የደረሰው፣ የሚል ነው፤ ዋስትናውም መኪናው በሌላ በር ወደ አገር የገባ እንደ ሆነ ላይሠራ ይችላል። ገዥው ባትሪው ከመጀመሪያ ዐቅሙ በመቶ ስንት እንደ ቀረው በመሣሪያ ተለክቶ ካልታየው ዓመቱም ኪሎ ሜትሩም አይበቁትም።

የተስማማውም ሰው ገንዘቡን ሁሉ ለሻጩ አይስጥ። ከዋጋው ከአሥር እጅ አንዱን ያህል አስቀርቶ በመጀመሪያው ሳምንት የሞተሩን ዘይትና ማጣሪያውን፣ የፍሬኑን ዘይትና የራዲያተሩን ውሃ መለወጥ ይኖርበታል። የታይሚንግ ቺንጋ ያለው ሞተር ከሆነ፣ ሻጩ የተለወጠበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በወረቀት ካላሳየ፣ እንዳልተለወጠ ቈጥሮ መለወጥ ነው። ቺንጋው በመንገድ ላይ የተበጠሰ እንደ ሆነ በብዙ ሞተሮች ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጩና ቴስታታው ይወርዳል። ወጪውም ከአዲስ ቺንጋ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው፤ መኪናውን ከሲሪንቃ ደሴ ድረስ የሚጐትተው ሳይቈጠር።